ዩኒቨርሲቲው ስንተኛ ወጣ?

«ስንተኛ አልሽኝ?» እላለሁ፣ ምላጩን አየር ላይ እንደያዝኩ።

«አሥራ ሰባተኛ» ትላለች ልጄ ኤደን ከስልኳ ቀና ብላ። «ከሱዳን ውስጥ።»

ወንበሩ ላይ የተጋደመው ጥዑመልሳን አንድ ጉንጩ ተላጭቷል፣ ሌላው ገና በአረፋ ተሸፍኗል። እዚህ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ፀጉር ቤቴን ከከፈትኩ ጀምሮ ደንበኛዬ ነው። ወሬ የሸተተው ቀን ጢም ባይኖረውም ሊላጭ ይመጣል። የኤደን የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ዛሬ ማታ እንደሚዘጋ ሰምቷል መሰለኝ፣ ጠዋት ተላጭቶ ከሰዓትም መጣ።

«በቀለ፣ መጀመሪያ ምላጩን አስቀምጠው» ይለኛል።

የት ላስቀምጠው! ከክፍሏ ሁለተኛ የወጣች ልጅ አሥራ ሰባተኛ ለወጣ ዩኒቨርሲቲ ትሰጣለች? «አንደኛ ምርጫ በሚለው ላይ አንደኛ የወጣውን ትሞያለሽ። ኻላስ፣ አለቀ።»

«አባ፣ እዚያ የዓይን ትምህርት የለም እኮ። ዓይን መርምሮ መነጽር ማዘዝ የሚያስተምሩት እኔ የመረጥኩት ጋ ነው።»

«አንቺ መጀመሪያ ግቢ! ምን እንደምትማሪ ከገባሽ በኋላ እናየዋለን።»

ጥዑመልሳን በአረፋው ውስጥ ይስቃል። ኤደን ግን አትስቅም፤ አንገቷን ደፍታ መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ትጠርጋለች። ልጅ ሆና የመጀመሪያ መነጽሯን ያደረገች ቀን እዚሁ በር ላይ ቆማ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የሱቅ ማስታወቂያ ሁሉ እየጮኸች አንብባልናለች። የዓይኑ ነገር የተጀመረው ያን ዕለት ነው። አውቃለሁ። ግን አሥራ ሰባተኛ!

«እሺ» እላለሁ ለስለስ ብዬ። «ከስንት?»

«ምኑ?»

«ስንት ሆነው ተወዳድረው ነው አሥራ ሰባተኛ የወጣው?»

«ሰላሳ ምናምን ናቸው።»

«ታዲያ መሃል ላይ ነዋ! ጭራ አይደለም። በምን በምን ተፈትኖ ነው?»

ኤደን ቀና ትላለች። ስንተኛ ወጣሽ፣ ከስንት፣ በምን በምን ጎደለብሽ እያልኩ ነው ያሳደግኳት፤ ጥያቄዬን በደንብ ታውቀዋለች። «አስተማሪዎቹ ምን ያህል ጥናት እንዳሳተሙ ያያሉ። ሌሎች ምሁራን ስሙን እንዴት እንደሚያነሱትም ይጠይቃሉ።»

«ማስተማሩስ?»

«ለስንት ተማሪ ስንት አስተማሪ አለ ብለው ይገምታሉ።»

«ክፍል ገብቶ ያየ የለም?»

«የለም።»

«የዓይኑ ትምህርትስ?»

«ለብቻው አላዩትም። ሁሉም አንድ ላይ ተደምሮ ነው የወጣው።»

«ፀባዩስ?» ይላል ጥዑመልሳን ከወንበሩ። «ካርድ ላይ ፀባይ የሚል ነበር አይደል? ተማሪ ያመናጭቃል? ለፊርማ የሄደውን ቡክራ፣ ነገ ና ይላል?»

«በእሱ ከተፈተኑማ፣ ወላሂ፣ ሁሉም ይወድቃሉ!»

ሦስታችንም እንስቃለን። ኤደን ስትስቅ እኔም ቀለል ይለኛል፤ ቀለል ሲለኝ ደግሞ አፌ አያርፍም። «አንቺስ ብትሆኚ! ሁለተኛ የወጣሽው ስፖርት ጎትቶሽ ነው። በባዮሎጂ ማን አጠገብሽ ደረሰ? ካርዱን ሙሉውን ያላየ ሰው ግን ሁለተኛ ናት ብሎ ያልፍሻል።»

በመስተዋቱ ውስጥ የጥዑመልሳን ቅንድቦች ከፍ ይላሉ። ኤደን መነጽሯን አስተካክላ ታየኛለች። በገዛ አፌ መያዜ የሚገባኝ ያኔ ነው።

«ይሁን» እላለሁ። «ግን ሰው ስንተኛው ገባች ሲለኝ ምን እላለሁ?» እውነቱን ለመናገር ያስጨነቀኝ ይኸው ነው። ፀጉሩን ሊስተካከል የተቀመጠ ሁሉ ይጠይቀኛል።

«አንድ ያልነገርኩህ አለ» ትላለች። «የውጭ አገር ተማሪ ብዛትም ይቆጠራል።»

«የውጭ አገር ማለት?»

«አጅነቢ።»

አሁን ምላጩን አስቀምጣለሁ። ይህችን ቃል ፖሊስ ሲያስቆመኝ እሰማታለሁ፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን ላሳድስ ስሰለፍም እሰማታለሁ። ከኋላዋ ደግ ነገር ተከትሎ አይቼ አላውቅም። «እንደኛ ያለው አጅነቢ?»

«አጅነቢ አጅነቢ ነው፣ አባ።»

«ስንት ይቀንስባቸዋል?»

«አይቀንስም፣ ይጨምራል! አጅነቢ በበዛ ቁጥር ነጥብ ያገኛሉ። እኔ የመረጥኩት ጃምዓ ደግሞ አጅነቢ የለውም ማለት ይቻላል።»

«ቆይ፣ ቆይ። አንቺ ስትገቢ ደረጃው ከፍ ሊል ነው?»

«ያው… በጣም በጥቂቱ።»

«በጥቂቱም ቢሆን!» እጄን አጨበጭባለሁ። ስንት ዓመት እዚህ አገር ኖሬ፣ አጅነቢ መሆናችን ነጥብ ሲያስገኝ ገና ዛሬ ሰማሁ። ጥዑመልሳን ፎጣው አንገቱ ላይ እንደተጠመጠመ ብድግ ብሎ በሩ ላይ ይቆምና ማዶ ሻይ ቤት ለተቀመጡት ይጮሃል። «ሰማችሁ? የበቀለ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ልታሳድግ ነው!»

«ሙዪው» እላታለሁ። «የመረጥሽውን፣ አንደኛ ምርጫ ላይ። ያላ፣ ቶሎ በይ!»

ኤደን አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስልኳ ላይ ታቀረቅራለች። ካርቱም ተወልዳ ካርቱም ያደገች ልጅ ናት፤ አረብኛዋ ከእኔ አማርኛ ይፈጥናል። ፎርም ስትሞላ ግን ዜግነት የሚለውን ሁልጊዜ ለመጨረሻ ታቆየዋለች፣ አንዳንዴም አንተ ሙላው ብላ ለእኔ ትሰጠኛለች። ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

በትከሻዋ በኩል አጎንብሼ አያለሁ። ስሟን ገና አልጻፈችም። ትምህርት ቤቷንም፣ ምርጫዋንም አልሞላችም። ኢትዮጵያዊት የሚለው ብቻ ተጽፏል።