አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው በረንዳ

ከሥራ ሲወጣ እግሩ ወደ ቤት አይሄድለትም። ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ከታክሲ ይወርድና ከኮንዶሚኒየሙ አጥር ሥር ቆሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን በረንዳ አንጋጦ ያያል።

ዛሬም ያ ጎረምሳ በካናቴራ ቁጭ ብሎ እግሩን ብረቱ ላይ ሰቅሏል። ሚስቱ የታጠበ ልብስ እያሰጣች ትስቃለች። ገና ሳይመሽ አምፖሉ ሁሉ በርቷል።

«ይሄ ደግሞ ምን ሠርቶ ነው እንዲህ የሚንፈላሰሰው?» አለ በሆዱ። ቅናት እንደ ቃር ደረቱን አቃጠለው። የእሱ ሚስት ይሄኔ ጭቃ በጭቃ በሆነው የኪራይ ግቢ ጀሪካን ትሸከማለች፤ አከራይቷ «አምፖል አጥፉ!» እያለች ትጮህባታለች። ስትማረርበት «የባንኩ ዕዳ እስኪያልቅ ታገሺ» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። እዚያ በረንዳ ላይ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በሐሳቡ ሲቀመጥ ኖሯል፤ ወንበሩን የት እንደሚያኖር እንኳ ያውቃል። ጎረምሳው የተቀመጠው ልክ እዚያው ቦታ ላይ ነው።

«አንተ ሰውዬ!» አሉ ሽማግሌው ዘበኛ ዱላቸውን ይዘው እየቀረቡ። «በየቀኑ የሰው ቤት ላይ ምን ያስፈጥጥሃል? ልትሰርቅ ነው ወይስ ሚስቲቱን ወደሃት?»

ጎረምሳው ከላይ ሰምቶ ብድግ አለ።

«ኧረ አባባ፣ ይተዉዋቸው! አከራዬ ናቸው፤ ቤቱ የእሳቸው ነው!»

ዘበኛው ቆባቸውን አወለቁ። በረንዳውን አዩ፤ ከዚያ የሰውየውን ጭቃ የጠጣ ጫማ አዩ።

«ታዲያ እርስዎ የት ነው የሚኖሩት፣ ጌታዬ?»