ቀይ እስክሪብቶ

ጡረታ የወጡት የአማርኛ መምህር በሰፈሩ «ቀይ እስክሪብቶ» ይባላሉ። የሱቅ ማስታወቂያም ሆነ የሠርግ ጥሪ እጃቸው ከገባ ሳይታረም አይመለስም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ደብተር ቤት ድረስ ተሸክመው እያመጡ አርመዋል፤ የራሳቸው ልጅ ደብተር ተራ ሳይደርሰው ልጁ አደገ።

የባለቤታቸው ጆሮ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ልጃቸው ለሽያጭ ሥራ ከቤት ርቋል፤ ጊዜ ስለሌለው ሁልጊዜ የሚልከው የድምፅ መልእክት ነው። መምህሩ እያንዳንዱን በጩኸት ይደግሙላቸዋል።

«ይሄ ያንተ ድምፅ ነው» ይላሉ ባለቤታቸው። «እኔ የናፈቀኝ የልጄ ነው።»

ስለዚህ መምህሩ በጎረቤታቸው በፋርማሲስቷ ስልክና በእሷ ስም ከአንድ የኢንተርኔት ሱቅ የመስሚያ መሣሪያ አዘዙ። ገጹን የጠቆማቸው የሰፈሩ ሞባይል ጠጋኝ ነበር።

ዕቃው መጣ፤ አልሠራም። ጠጋኙ ፈታውና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ውስጡ እኮ ባዶ ነው። የጆሮ ጌጥ ነው የሸጡልዎት!»

መምህሩ ሳቁን አልወደዱትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ፋርማሲስቷ ለሱቁ ስትጽፍ መልሱ ወዲያው መጣ፦ «አንድ ቀን እንቋን ቅሬታ ቀርቦብን አያውቅም። ያበላሹት እርስዎ ነዎት።»

መምህሩን ከውንጀላው ይልቅ ፊደሏ አንገበገበቻቸው።

«እንቋን! «ኳ»ን ከ«ቋ» የማይለይ ሰው ጆሮ ይሸጣል? አሳዳጊ የበደለው!»

የተታለሉት በቴሌግራም ተሰባሰቡ፤ ሠላሳ አንድ ሆኑ። ላፕቶፕ ያዘዘች ነርስ የወለል ንጣፍ ደርሷታል፤ ፎቶ አንሺው ካሜራ ቢያዝዝ የሕፃን መጫወቻ ተልኮለታል። ገጾቹ ሦስት፣ ስማቸውም ሦስት ነው። መምህሩ ከገጾቹ የተላኩላቸውን መልሶች ሁሉ በወረቀት አሳትመው በቀይ አከበቡ። በሦስቱም ገጽ እንቋን፣ እንቋን፣ እንቋን። ሌባው አንድ ነው።

በማግሥቱ ጠጋኙ ሱቅ ገብተው ባዶ ወረቀት ዘረጉለት።

«ቃል ጽሕፈት ነው። የምልህን ጻፍ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ በእጄ ከጻፍኩ ስንት ዘመኔ! ደግሞ ደንበኛ መጣብኝ» አለና ጀርባውን ሰጣቸው። የመጣ ደንበኛ አልነበረም።

መምህሩ ከዚያው ወደ ሸማቾች ጥበቃ ቢሮ ሄዱ። ኃላፊው በቀይ የተከበቡትን ወረቀቶች አገላብጠው አገላብጠው ተደነቁ።

«ሦስቱም የአንድ ሰው መሆናቸውን ማረጋገጥ አቅቶን ነበር። ገጾቹን አሁኑኑ እናዘጋለን። ባለቤቱንም ፖሊስ በሁለት ቀን ውስጥ ይይዘዋል።»

«እንዳይምሩት» አሉ መምህሩ። «ወሬውም እናቱ ጆሮ ይድረስ። እንዲህ ያለ ጉድ አሳድጋ ዝም ብላ ተቀምጣለች!»

ሲመለሱ የጠጋኙ ሱቅ በጠራራ ፀሐይ ተዘግቶ አገኙት። ሽሽት ተጀመረ ማለት ነው። እያፏጩ ቤታቸው ገቡ።

ባለቤታቸው በደስታ ፈክተው ስልካቸውን አቀበሏቸው።

«ዛሬስ ያንተ ጩኸት አላስፈለገኝም። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፈልኝ፤ ራሴው አነበብኩት።»

መምህሩ መነጽራቸውን አጠለቁ።

«እማዬ፣ ብደውልልሽ እንቋን ስለማትሰሚኝ ጻፍኩልሽ። ሥራው ዛሬ ስለተዘጋብኝ ወደ ቤት እየመጣሁ ነው።»