የአባቱ ሰዓት

መምህር ባዬ ቁጡ ሰው ነበር። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ይህን የማያውቅ ተማሪም ባለጋሪም አልነበረም። ቁጣውን የሚረሳው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከመናኸሪያው አጠገብ፣ ከሰዓት ሠሪው ከዳኘው ጠረጴዛ ዘንድ።

ከሥራ መልስ ሰዓት ወዳድ የሆኑ ሦስት ሰዎች እዚያ ይሰበሰባሉ። ክንዳቸውን ጎን ለጎን ዘርግተው የዳኘውን ራዲዮ ይጠብቃሉ። የዜናው ደወል ሲመታ የማን ሰዓት እንደ ዘገየች በግልጽ ይታያል። የእንስሳት ሐኪሙ ቢሆነኝ በኦሪየንት ሰዓቱ ይምላል። ባዬና የግብርና ቢሮ ሠራተኛው ሐብቴ ያሰሯቸው ግን መንታ ናቸው፤ ፊታቸው ሰማያዊ፣ ቁጥራቸው ነጭ፣ የጃፓን ኦቶማቲክ።

የባዬ ሰዓት ከራዲዮው ጋር እኩል ትሄዳለች። አባቱ ሊሞቱ ሲሉ ከክንዳቸው ፈተው ያሰሩለት ናት፤ ሌላ ያወረሱት ነገር የለም። የሐብቴዋ በቀን አሥር ደቂቃ ትበላለች። በየማታው በራዲዮው ያስተካክላታል፤ በማግስቱ ያው ናት።

«አንተ ሰው፣ ያሰርኸው ሰዓት ነው ወይስ ጌጥ?» ይለዋል ቢሆነኝ።

«አሮጊት ናት፤ ቀስ ብላ ትሂድ።»

በ1995 ዓ.ም. ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ባዬ ሰዓቱን አስጠረገ። ዳኘው ከፍቶ አጸዳ፣ ዘይት ጠብ አደረገ፣ አዲስ ሰንሰለት ገጠመላት። ሐብቴም ሰንሰለቱ አማረውና ያንኑ ዓይነት አስገጠመ።

«የእርስዎንም ልጥረጋት?» አለው ዳኘው።

«ተዋት! ከተወለደች ተከፍታ አታውቅም።»

እሑድ ማለዳ ባዬና ሐብቴ እንደ ልማዳቸው ጠበል ወረዱ። የለበሱትንም ያሰሩትንም ሁሉ አንድ ድንጋይ ላይ ከምረው ገቡ። ውኃው አጥንት ይሰብራል። ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ፣ እርስ በርስ እየተሳሳቁ፣ ተቻኩለው ለባብሰው ወጡ። ባዬ ያን ቀን ማንንም አልተቆጣም።

ሰኞ አርፍዶ ክፍል ገባ። በአሥራ ሁለት ዓመት አስተማሪነቱ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም። ማክሰኞም አረፈደ። ረቡዕ ከራዲዮው ጋር ሲያስተያያት ዘግይታለች። ያኔ ደሙ ፈላ።

«ይህች የአባቴ ሰዓት አይደለችም!» ብሎ ዳኘው ጠረጴዛ ላይ ወረወራት። «ጠርዟ ላይ የማላውቀው ጭረት አለ። ቀይረህብኛል!»

ዳኘው ደንግጦ ተነሣ። «ኧረ መምህር፣ እርስዎን? እኔ የከፈትሁት ሰዓት ሁሉ ምልክት አለው። ክዳኑ ውስጥ የባለቤቱን ስምና ቀኑን በመርፌ እጭራለሁ።»

«እንግዲያው ክፈታት! ሰው እያየ ክፈታት!»

ሰው ተሰበሰበ። ባለጋሪ ሳይቀር ከጋሪው ወርዶ ቆመ። ዳኘው ክዳኑን ፈታ። ውስጡ ጭረት የሌለበት ልሙጥ ብረት ነበር። አገላብጦ አየው፤ ደግሞ አየው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«የታለ?» አለ ባዬ። «የታለ ምልክትህ፣ አንተ ሌባ!»

«ጭሬ ነበር» አለ ዳኘው።  «እናኑ ትሙት፣ ጭሬ ነበር!» እናኑ ሚስቱ ናት።

ባዬ ከመሬት ድንጋይ አነሣ። ሐብቴ «ተው እንጂ ጃል!» ብሎ እጁን ሊይዘው ሞከረ፤ አልቻለም። ባዬ ሰማያዊው ፊት ደቅቆ የውስጥ ጥርሶቿ እስኪበተኑ ድረስ ቀጠቀጣት። «የሌባ ሰዓት አላስርም!»

ከዚያ ወዲያ ዳኘው ዘንድ ሰዓት የሚያመጣ ጠፋ። የባዬ ቁጣ ግን አልበረደም። ገበያ ላይ ተናገረ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተናገረ፤ አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ተናገረ። በሦስተኛው ሳምንት ዳኘው ጠረጴዛውን ጋሪ ላይ ጭኖ ከነሚስቱ ከተማውን ለቀቀ። ባዬ መንገድ ዳር ቆሞ አያቸው። አላዘነም። አባቱን ሁለተኛ የቀበረ ሰው ስለ ምን ብሎ ያዝናል?

ሐብቴ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሰው ሆነ። ቢሮአቸው ግምገማ ተቀምጦ «አርፋጅ» ተብሎ ስሙ ተነሥቶ ነበርና፣ አሁን ከዘበኛው ጋር እኩል ይገባል። «ይህ ግምገማ የሚሉት ለካ ሰው ያስተካክላል!» እያለ ቢሆነኝ ይስቅበታል።

በጥር ባዬና ሐብቴ ለሰርግ ቡሬ ሄዱ። ከመኪና ሲወርዱ ሐብቴ ክንዱን አየ። የሰዓቷ መስታወት ጉም ለብሷል፤ ቆማለች።

«ትናንት ስታጠብ ውኃ ገብቶባት ነው» አለ። «እዚህ ሰዓት ሠሪ አይጠፋም።»

መናኸሪያው ፊት አንድ ጠረጴዛ አለ። ከኋላው የተቀመጠው ዳኘው ነው። ከስቷል። ፊቱ የተደረደረው ጃንጥላና የእጅ ባትሪ ነው፤ አንድም ሰዓት የለም። ወሬው ቀድሞት ቡሬ ደርሷል።

«ለዚህ ሌባ ልትሰጥ?» አለ ባዬ።

«ሌላ የለም እኮ። ሰርጉ ሊያልፈን ነው።»

«እንግዲያው እኔ እጁን እጠብቃለሁ!»

ዳኘው ተነሥቶ እጅ ነሣቸው። ሐብቴ ሰዓቱን ፈቶ ሰጠው። «በል ቀስ ብለህ፤ ከተወለደች ተከፍታ አታውቅም።»

ባዬ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ዳኘው እጅ ላይ ተከለ። «ብትቀይርበት ጣትህን ነው የምሰብረው፤ ሰምተሃል?»

 ዳኘው ክዳኑን አዙሮ አነሣ። ወደ ፀሐይ አዘንብሎ አየው። ቆይቶ አየው። ከዚያ በሁለት እጁ ለባዬ አቀበለው።

በመርፌ ጫፍ የተጫረ ጽሑፍ ነበረበት፦ «መምህር ባዬ፣ ጥቅምት 9።»