ትንፋሽ ያጠራት ፔጆ

«በሰው ፊት ይከፈት!» አለ ወልደትንሣኤ የፔጆዋን ኮፈን በመዳፉ እየመታ። «ሌባ የተባልኩት በሰው ፊት ነው፤ ንጹሕ መሆኔም በሰው ፊት ይታይ!»

ጌጃ ሰፈር፣ ከአብዱሰመድ ጋራዥ ደጃፍ በርጩማ አስመጥቶ የተቀመጠው ጓድ ገረሱ ጋዜጣውን እንኳ ዝቅ አላደረገም። ወልደትንሣኤ የሚነዳበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቁጥጥር ኃላፊ ነው፤ የመጣውም ምርመራውን በዓይኑ ሊያይ ነው። «አንተ ስለጮህክ ቤንዚኑ አይመለስም» አለ። አንተ! በዕድሜ የበኩር ልጁ የሚሆን ሰው አንተ አለው! ወልደትንሣኤ መሪ ጨብጦ የሸበተ ሾፌር ነው፤ እስከዛሬ በሰው ዕቃ ስሙ ተነሥቶ አያውቅም።

ለሳምንት የሚበቃው የቤንዚን ኩፖን ሐሙስ ሳይደርስ ማለቅ ከጀመረ ሰነባብቷል። አገር ምድሩ ለቤንዚን በሚሰለፍበት ጊዜ፣ ቤንዚን ጎደለ ማለት ሾፌሩ ሸጠው ማለት ነው። ዛሬ ምክንያቱ ካልተገኘ ነገሩ «የኢኮኖሚ አሻጥር» ተብሎ ወደ አብዮት ጥበቃ ይተላለፋል። በዚያ ስም የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ ደግሞ ደፍሮ የሚጠይቅ የለም።

አብዱሰመድ ከመኪናዋ ሥር ወጣ። «የሚያፈስ ነገር የለም» አለ። ከዚያ ካንዴላዎቹን ፈታና አንዱን ለወልደትንሣኤ አሳየው፤ ከሰል መስሏል። «አየህ ወልዴ፣ ቤንዚኑን ማንም አልወሰደውም። ራሷ ነች የበላችው። አየር አጥሯታል።»

«ሰሙ፣ ጓድ ገረሱ? ራሷ ነች የበላችው!»

«መኪና እንዲህ አይበላም» አለ ጓዱ ገጽ እየገለጠ። «የሚበላስ ሰው ነው።»

የወልደትንሣኤ ደም ፈላ። መፍቻውን ከአብዱሰመድ እጅ ነጥቆ የአየር ፊልትሮውን ክዳን ራሱ ፈታው። ሁለቱም ከኮፈኑ ሥር አጎንብሰው ተመለከቱ።

አየር በሚገባበት አፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ተጣጥፎ ተወትፏል። አብዱሰመድ ጫፉን ገለጥ አደረገው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ በጥላሸት መሐል ቀና ብላ ታያቸዋለች።

ወልደትንሣኤ ሥዕሏን አወቃት። ስፖኪዮው ላይ ሰቅሏት ነበር፤ «የመንግሥት መኪና ቤተ ክርስቲያን አይደለም» ብሎ ያስወረደው ይኸው ገረሱ ነው። እቤት ወስዶ ለሚስቱ ለጽገሬዳ ሲሰጣት በቀይ ጨርቅ ጠቅልላ አኖረቻት። መስክ ሊወጣ መኪናዋ ደጃቸው ባደረችበት ማታ ግን፣ ፊልትሮውን ሲያጸዳ መጥታ አጠገቡ ቆመችና «ይሄ ደግሞ ምኗ ነው?» አለችው። «ሳንባዋ» አላት። ሾፌር ስለ መኪናው ተጠይቆ መች ዝም ይላል! ለካ እሷ ባሏን እንድትጠብቅላት ሥዕሏን የገረሱ ዓይን የማይደርስበት፣ የመኪናዋ ነፍስ ያለበት ቦታ አስቀመጠቻት።

«ጽጌ፣ ገደልሽኝ እኮ!» አለ በሆዱ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይኸው ጠራ። ግን ይህን እውነት ይዞ ወዴት ይሄዳል? ሌባ አለመሆኑን ለማስረዳት አድኃሪ መሆኑን ሊያሳይ ነው፤ ለዚያውም ሚስቱን አሳልፎ ሰጥቶ። ሰው ንጽሕናውን የሚደብቅበት አገር ምን ዓይነት አገር ነው? በሰው ፊት ይከፈት ብሎ የጮኸው ራሱ ነው።

«ምን ተገኘ?» ጓድ ገረሱ ከበርጩማው ተነሣ።

አብዱሰመድ እጁን በቱታው ደህና አድርጎ ጠረገ። በኮፈኑ ተከልሎ ሥዕሏን ከነጨርቋ በቀስታ አንሥቶ ቱታው ውስጥ ከተታት፤ «ማታ እቤት አመጣታለሁ» አለ በሹክሹክታ። ከኋላ ኪሱ ደግሞ በግራሶ የጠቆረ ቡትቶ መዝዞ ቀና አለ።

«ጨርቅ ነው፣ ጓድ። የራሴው ጨርቅ። ያለፈው ጊዜ ሳጸዳ እዚህ ረስቼው ኖሯል።»

«ረስቼው! ስንት የሕዝብ ቤንዚን እንደተቃጠለ ታውቃለህ? ዝርክርክ!»

«አጥፍቻለሁ» አለ አብዱሰመድ መሬት መሬት እያየ።

ወልደትንሣኤ ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ የአብዱሰመድ ጫማ በጫማው ላይ አረፈ። ጠንከር አድርጎ ረገጠው። ጓድ ገረሱ ቡትቶውን በሁለት ጣቱ ይዞ በጋዜጣው ጠቀለለው፤ ለማስረጃ ነው። ከዚያ የኋላውን በር ከፍቶ ገባና «ንዳትና እንያት» አለ።

ፔጆዋ በአንድ ቁልፍ ተነሣች። ስታወጣው የከረመችው ጥቁር ጭስ የለም፤ ዳገቱን ሳታቃስት ወጣችው። ወልደትንሣኤ እየነዳ አንዲት ቃል ጠበቀ። «ይቅርታ» ባይሆን እንኳ «ተሳስተናል»።

«ጓድ ገረሱ፣ እኔ እኮ በሰው ፊት ሌባ ተብያለሁ።»

«ጉዳዩ ተዘግቷል።»

ተዘግቷል! እንደ ሱቅ! የሰው ስም እንዲህ በዋዛ ተከፍቶ እንዲህ በዋዛ ይዘጋል? ማርሹን በንዴት ቀየረ።

ልደታ ማርያም ጋ ሲደርሱ ቀኑ ወርኃዊው በዓል ኖሮ፣ ነጠላ የለበሰው ምእመን መንገዱን ሞልቶታል። ፍጥነቱን ቀነሰ። ሥዕሏ ተሰቅላ የነበረችበትን ቦታ ማየት ለምዶበታልና ወደ ስፖኪዮው ቀና አለ።

ሥዕሏ የለችም። በመስታወቱ ውስጥ ጓድ ገረሱ አለ። ዓይኑን ጨፍኗል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጉልበቱ ላይ ባስቀመጠው ጥቅልል ጋዜጣ ላይ ጣቱ በዝግታ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ።

የወልደትንሣኤ ንዴት እንደ አዲስ ነደደ። «እርስዎም?» የምትል ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጣትና እጁን ዘረጋ፤ ጸሎቱን እንዳያይበት ስፖኪዮውን ወደ ጎን አዞረው።