የጃርቱ ጉድጓድ

እሁድ ከሰዓት ሰዉ ሐይቁ ውስጥ ሲዋኝና ሲንቦጫረቅ፣ የግድቡ ጠባቂ ከአፈር ግድቡ ጀርባ ጃርት የማሰው ጉድጓድ አገኘ። ካልተደፈነ ውሃው በዚያ ሾልኮ ግድቡን ይንደዋል፤ ከሥር ያለው መንደርም አለቀለት። አንድያ ሴት ልጁ ከዋናተኞቹ ጋር ነበረች።

«ጋሼ፣ ዛሬም ጦርነቱ ከጃርት ጋር ነው?» አለ ጀልባ አከራዩ ከላይ ሆኖ።

«ሂድ ወደ ሥራህ! ሥጋ ይደርሰኛል ብለህ ከሆነ የለም።»

ሰውየው እየሳቀ ሄደ። ጠባቂው ዲጂኖውን በኃይል ወደ ውስጥ ሰደደው። ለስላሳ ነገር ወጋ። ሲስበው ጫፉ ደም ለብሶ ወጣ።

«አባዬ! እኔ ነኝ፣ በቃ!» አለ ከጉድጓዱ ውስጥ የልጁ ድምፅ።

ክው አለ። እየሮጠ ግድቡ አናት ላይ ወጣ። ልጁ ውሃው ውስጥ ቆማ እጇን አውለበለበችለት። እፎይ ብሎ ተመለሰ፤ ወዲያው ግን ደሙ ፈላ።

«በልጄ ድምፅ ልታታልለኝ!» እያለ ደጋግሞ ወጋ። ድምፁ ለመነው፣ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ። ጉድጓዱን አፈር ሞላበትና በእግሩ ጠቀጠቀው።

ቀና ሲል ልጁ ውሃ እያንጠባጠበች ግድቡ አናት ላይ ቆማ ቁልቁል ታየዋለች።

«አባዬ» አለችው ፈገግ ብላ፤ «ልጅህ ሞተች?»