በባዶ ሆድ

«አይዞሽ፣ አንቺ እዚሁ ቁጭ በይ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይዘንልሽ እንመጣለን» ብላት ነበር አንዲት ነርስ እናትየዋን፣ ከስድስት ዓመት በፊት፣ የበኩር ልጇን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲያስገቡት። ይዘውላት የመጡት ጫማውን ነው።

አሁን ተራው የታናሽ እህቱ ሆነ። አምስት ዓመቷ ነው፤ ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ። ሦስት ደረጃ ከወጣች ከንፈሯ ይጠቁራል።

የቀዶ ሕክምና ቀጠሮዋ ሁለት ጊዜ በዕለቱ ጠዋት ተሰርዟል። ለማደንዘዣ ሆድ ባዶ መሆን አለበት። ነርሷ «የኔ ቆንጆ፣ ዛሬ ምን በላሽ?» ስትላት ልጅቷ አትዋሽም። አንድ ቀን ብስኩት አለች፤ ሌላ ቀን ወተት። ማን ሰጠሽ ሲሏት ግን አንገቷን ትደፋለች።

ሁሉም የጠረጠረው አያቷን ነው። የመጀመሪያው ቀን ኮሪደሩ ላይ ጮኸው ነበር፦ «ሕፃን ልጅ በባዶ ሆድ! እናንተስ ቁርሳችሁን ግጥም አድርጋችሁ አይደል የመጣችሁት?» ነርሶቹ ሳቁ። በሁለተኛው ቀን የሳቀ የለም።

«እማዬ፣ እባክሽ እውነቱን ንገሪኝ» አላቸው የልጅቷ አባት።

«እጄን ይቁረጠው ልጄ! አልሰጠኋትም!»

«እና ማን ሰጣት? ግድግዳው?»

አሮጊቷ ወደ ምራታቸው ዞሩ። «አንቺ እንኳ ተናገሪ እንጂ! አብረን አይደል የነበርነው?»

ምራታቸው የልጅቷን ሹራብ መቆለፏን ቀጠለች። ድሮም ዝምተኛ ናት።

ሐኪሙ ቁርጡን ነገራቸው። «የዛሬ ሳምንት የመጨረሻ ነው። ካመለጠ ወረፋው ለከርሞ ነው፤ ይህች ልብ ደግሞ እስከ ከርሞ አትቆይም።»

በሳምንቱ አባትየው እናቱን ቤት አስቀራቸው። አሮጊቷ በር ላይ ቆመው እያለቀሱ የልጅቷን ጉንጭ ሳሙ፤ ከዚያ ሁለቱንም መዳፋቸውን ዘርግተው ባዶ መሆኑን ለልጃቸው አሳዩት። እሱ ፊቱን አዞረ።

ሆስፒታል ሲደርሱ የልጅቷ ስም ሰሌዳው ላይ አንደኛ ተጽፏል። ነርሷ ትንሿን የቀዶ ሕክምና ጋወን ለእናትየዋ ሰጠቻት።

«በይ ቶሎ አልብሻት። ዛሬስ የሚያበላሽብን የለም።»

አባትየው ሊፈርም ወደ ቢሮ ሄደ።

እናትየዋ ልጅቷን ይዛ መታጠቢያ ክፍል ገባች፤ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችና ከጉያዋ አንድ ሙዝ አውጥታ ላጠችላት።