በእኔ ፈቃድ

ሪያድ ዳርቻ እብነ በረድ በምንቆርጥበት ቤት የሥራ ፈቃድ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ በር ላይ የተገኘው የእኔን ያሳያል፤ ፎቶውን ልብ ብሎ የሚያይ የለም።

ጓደኛዬን አስማረን ድንጋዩ ተጭኖ ሲገድለው ፈቃዴ ኪሱ ውስጥ ነበር። አሠሪያችን ለፖሊስ፣ "ሕጋዊ ሠራተኛዬ ነው" ብሎ ከመታሰር አመለጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አሁን ወረቀት የሌለህ አንተ ነህ። ትንፍሽ ካልክ ካገር ትባረራለህ" አለኝ።

ሬሳው በስሜ አገር ቤት በገባ ቀን እናቴ ጋ ደወልኩ።

"እማዬ፣ እኔ አለሁ። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ጓደኛዬ አስማረ ነው።"

"እናቱ ሰምታለች?" አለችኝ።

"አልሰማችም።"

"ታዲያ የሚያለቅስለት የለማ!" አለችና፣ ስልኩን ሳትዘጋ፣ "ልጄን! ልጄን!" እያለች እንደ አዲስ ደረቷን ስትደቃ ሰማሁ።